ከዶቃው የተፈታችው ሜዳሊያ

ኅዳር 4 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ከፍተኛ ሙቀት 35.4። ዝናብ የለም። ነፋስ የለም። ሴትዮዋን አገኘኋት!

ከጋምቤላ ሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ፣ ከዘጠኝ ሰዓቱ ንባብ በኋላ። እንዳልረሳው ከሥሩ ልጻፈው። አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ አቦቦ ላይ ግድቡ ሲሠራ ለሩሲያውያኑ ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። አንዱ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ቀይ ከፋይ የለበሰ ሳጥን ከፍቶ አራት የጠፈር ጉዞ መታሰቢያ ሜዳሊያዎችን ለአራት ሠራተኞች አደላቸው። እያንዳንዱ የሲኒ አፍ ያክላል። በአንዱ ላይ ወደ ሰማይ የተላከችው ውሻ፣ በአንዱ መጀመሪያ የወጣው ሰው፣ በአንዱ መጀመሪያ የወጣችው ሴት፣ በአንዱ ደግሞ ጨረቃ ላይ የነዷት መኪና ተቀርጸዋል። ለአባቴ ሰውዬው ደረሰው። ሳጥኑንም «ደህና ሳጥን አይጣልም» ብሎ ይዞት መጣ።

እኔ እንግዲህ ያደግሁት ያን ሳጥን እየከፈትሁ ነው። አራት ክብ ጉድጓድ፤ አንዱ ሙሉ፣ ሦስቱ ባዶ። ሌላው ልጅ አባቱ ሲቆጣው ማንጎ ላይ ይወጣል። እኔ ጣቴን በባዶው ጉድጓድ ውስጥ እያዞርሁ ምድርን እዞር ነበር።

ውሻዋን ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት መቲ፣ አንድ ቡና ነጋዴ ቤት አገኘኋት። የጨረቃዋን መኪና መሃል ከተማ ሱቅ ያለው ወዳጄ አብዱልባሲጥ ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ፤ ከሌላ ሳጥን የወጣች ብትሆንም ያው ናት። ሴትዮዋን ግን የት እንዳለች እያወቅሁ ስድስት ዓመት ጠበቅኋት። አኳይ የጣቢያችን ጥበቃ ነው፤ በመለኪያዎቹ ዙሪያ ያለውን ሣር የሚያጭደውም እሱ ነው። እህቱ አሪየት አቦቦ ስትዳር ሠርጉ ላይ ነበርሁ። የሙሽራው ወገኖች ለጥሎሽ ያመጡት ዲሙይ፣ ያ ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚወርደው የአኙዋ ሰማያዊ ዶቃ፣ ሲዘረጋ መሃሉ ላይ እሷ ተንጠልጥላለች። የሙሽራው አያት የግድቡ ዘበኛ ነበሩ። የደረሳቸውን ሜዳሊያ በሚስማር በስተው ከዶቃው ጋር ሰክተውታል። ዶቃው በደንቡ ለሙሽሪት ወንድም ለአኳይ ተሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኳይን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣሁት።

ዛሬ ጠዋት ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ስድስት ዓመት ጠየቅከኝ። እኔ ደከመኝ» አለ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «ስጦታ አይደለም ጥዑሜ። ስጠይቅህ ትመልሳለህ። ዶቃው ጎዶሎ ከሆነ ዶቃ አይደለም፣ ታውቃለህ» አለኝ። «አውቃለሁ፤ እመልሳለሁ» አልሁት። በዚያች ሰዓት ጥርስህን አውልቀህ ስጠኝ ቢለኝም እሺ እል ነበር።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ሴትዮዋን የምይዛት ባለቤቴ አበዛሽ ከጤና ጣቢያ ባመጣችው ጓንት ነው፤ ያውም ጠርዟን ብቻ። ፊቷ አልቋል። አፍንጫ የላት፣ ዓይን የላት። አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ደረት ላይ ስትፈተግ ኖራ የቀረው የራስ ቁሯ ክብ ብቻ ነው። ክቡ ውስጥ ያለው ልስላሴ ብርሃን ሲያርፍበት ፊት ይሆናል፤ ብርሃኑ ሲዞር ሌላ ፊት ይሆናል። ሰብሳቢ ቢያያት በመበሳቷ ያለቅስ ይሆናል። እኔ ቀዳዳዋን ወደድሁላት፤ በእሱ አጮልቄ ባሮን አየሁበት።

የስድስት ሰዓቱ ንባብ አመለጠኝ። የትናንቱን ቁጥር ጻፍሁ። ትናንትና ዛሬ በጋምቤላ ያው ነው።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

አራቱንም ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለሜዳሊያ ሰብሳቢዎች ቡድን ላክሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስልኬ ጮኾ ጮኾ ሊፈነዳ ነበር። የካቲት 15 አዲስ አበባ በሚያዘጋጁት ትንሽ ኤግዚቢሽን ላይ ሳጥኑን ይዤ እንድቀርብ ጋበዙኝ። «ሙሉውን ሳጥን በአንድ ሰው እጅ ያየነው አንተ ጋ ብቻ ነው» ይላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙቀትና ዝናብ ስጽፍ ማንም ስሜን ጠርቶ አያውቅም።

ለአብዱልባሲጥ ነገርሁት። «የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም፣ የጨረቃው ሰው?» ብሎ ሳቀብኝ። ስቄ ወጣሁ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

36.8። ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ። ሴትዮዋ ከባሮ ማዶ፣ አሸዋው ላይ፣ ያን ትልቅ የራስ ቁር ታቅፋ ተቀምጣለች። ውኃው ወርዷል፤ እስከ ጉልበቴ ብቻ ነው። እሻገራለሁ እሻገራለሁ፣ አሸዋው ወደ ኋላ ይሸሻል። እሷ ግን አልሸሸችም፤ ዝም ብላ ታየኛለች። ስነቃ ላብ አጥምቆኛል፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ቀላል ደስታ ከልጅነቴ ወዲህ አላውቅም።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አኳይ ጠየቀኝ።

ማጭዱን አስቀምጦ ከመለኪያው አጥር ወዲያ ቆመ። «አሁን ጠይቄሃለሁ» አለ። አሪየት ከባልዋ ልትወጣ ነው። ለመውጣት ዶቃው እንደመጣው፣ አንድም ሳይጎድል፣ ለባልዋ ወገኖች መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ሚስታቸው ናት። እኔ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አቦቦ ነው ያደግሁት።

«እስከ የካቲት ብቻ ታገሠኝ፤ ኤግዚቢሽኑ ይለፍ» አልሁት። ኤግዚቢሽን ምን እንደሆነ አስረዳሁት፤ ብዙ አወራሁ። አኳይ ክርክር ልማዱ አይደለም። «እሷ ቸኩላለች» ብቻ ብሎ ማጭዱን አነሣ።

በባልና ሚስት መካከል አይገባም። ለገና ይታረቁ ይሆናል። ስንቱ ተጣልቶ ታርቋል!

ታኅሣሥ 5

ነፋስ ከምሥራቅ። ሣር እየተቃጠለ ነው፤ ሰማዩ ጭስ ለብሷል። አኳይ ሰላም አለኝ፤ እንደ ወትሮው ነው። «እንደ ወትሮው» የምለው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

አበዛሽ ተረኛ ነበረች፤ አመሻሽ ላይ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «የአኳይን እህት ቅንድቧን ሰፋኋት። አምስት ስፌት» አለችኝ።

«ምን ሆና?»

«ወደቅሁ ትላለች። የሚወድቅ ሰው በእጁ ይመክታል እንጂ በቅንድቡ አይወድቅም።» ውኃ ጠጣችና፣ «ከአቦቦ ድረስ ፊቷን በነጠላ ጠቅልላ በሚኒባስ መጣች። ስሰፋት አንዴም አላለቀሰችም። ሰው እንዴት ከእንዲህ ያለ ቤት አይወጣም?» አለች።

«ደንብ ይኖራቸዋል» አልኋት።

እራት አልበላ አለኝ። በሙቀቱ ነው። ሳጥኑን አልከፈትሁትም፤ ትንሽ ብቻ ነው የከፈትሁት። ፊቷ እንዳለ ነው። ያው ልስልስ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

አብዱልባሲጥ «እንኳን አደረሳችሁ» ሊል መጣ፤ ለአበዛሽ ስኳርና ዘይት ይዞላት። ለብቻችን ስንሆን ጠየቅሁት፤ የጨረቃዋን መኪና ያስመጣበት ሰው ዘንድ ሴትዮዋ ትገኝ እንደሆነ።

«አለችህ አይደል?»

«ሌላ ፈልጌ ነው።»

ለምን ብሎ አልጠየቀም። ነጋዴ ነው፤ መጠየቅ መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቃል። መፍትሔው ግን እንዴት ግልጽ ነው! ለአኳይ ሴትዮዋን እመልሳለሁ፤ ሴትዮዋ ግን እኔ ጋ ትቀራለች። እነሱ የሚፈልጉት ዶቃው እንዲሞላ ነው፤ እኔ የምፈልገው ሳጥኑ እንዲሞላ። ማንም አይጎዳም።

ጥር 7፣ ረቡዕ

ደረሰች። አዲስ ናት፤ ከፋብሪካ የወጣች ዕለት ተጠቅልላ ተቀምጣ የከረመች። አፍንጫዋ፣ ከንፈሯ፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ይታያል። ቆንጆ ናት። ሳያት ምንም አልተሰማኝም።

በሚስማር በሳኋት። መዶሻው ሲያርፍባት ዓይኔን ጨፈንሁ። ከዚያ በአመድና በሎሚ አሸኋት፤ ትንሽ ጠቆረች።

ለአኳይ ሰጠሁት። ገልበጥ አድርጎ አያትና «ይቺ እሷ አይደለችም» አለ።

«ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው ደክሟል። ማን ያውቃል? ያው ሜዳሊያ ነው፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ።»

ሊመልስልኝ ነው ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ ኪሱ ከተታት።

አዲሷን ለራሴ ይዤ አሮጌዋን ብመልስስ? ይህ ሐሳብ አሁን ስጽፍ ነው የመጣልኝ። አሁን ደግሞ መሽቷል።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ባሮ ዳር ሕዝቡ ነጭ ለብሶ። ጸበሉ ፊቴ ላይ ሲረጭ አፌን ከፈትሁ፤ ሞቅ ያለ ነው። አበዛሽ አጠገቤ ሆና «ምን ለመንህ?» አለችኝ። «ዝናብ» አልኋት። በጥር!

ጥር 18፣ እሑድ

37.9። ዛሬ አቦቦ ላይ የአሪየትን ፍቺ የሚያየው የሽማግሌዎች ጉባኤ ተቀምጧል። እኔ ተረኛ ስለሆንሁ አልሄድሁም። በፈቃደኝነት ነው ተረኛ የሆንሁት።

አኳይ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳይሆን አይቀርም የተመለሰው፤ ቀጥታ ወደ ጣቢያው መጥቶ የሆነውን ነገረኝ። ዶቃው ተዘረጋ። ወንዶቹ ቆጠሩት፤ ሙሉ ነው አሉ። አሪየት እቃዋን ጠቅልላ ዛፉ ሥር ተቀምጣ ነበር። ያኔ የባልዋ አክስት «አምጡት» አሉ። ዓይናቸው አያይም፤ በአውራ ጣታቸው ሴትዮዋን ዳሰሷት። አንዴ፣ ሁለቴ። አኳይ የተናገሩትን ወደ አማርኛ ሲመልስልኝ ቃል እየፈለገ ነበር፦ «ይቺ ልጅ ናት። የኛዋ አሮጊት ናት። እኔ ሳገባ አንገቴ ላይ ነበረች፤ ስወልድም። ፊቷን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ጩኸት ሆነ። አኳይ የእህቱን ዶቃ ለደገኛ ሸጧል ተባለ። እውነተኛዋ እስከ የካቲት 16 ካልመጣች ጉዳዩ ይዘጋል፤ አሪየት እዚያው ትቀራለች። ዛሬም የጠቀለለችውን እቃ ተሸክማ ወደዚያው ቤት ተመለሰች።

አኳይን «ለማን እንደሰጠህ ጠየቁህ?» አልሁት። «ጠየቁኝ» አለ። ስሜን ግን አልነገራቸውም። ተነሥቼ የዐሥራ ሁለት ሰዓቱን ንባብ ወሰድሁ። ቴርሞሜትሩን ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ቁጥሩ ሊገባኝ አልቻለም።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

አሪየት ቤታችን መጣች። አበዛሽን ፈልጋ ነው፤ የእጇ አንጓ በጨርቅ ታስሯል። አበዛሽ አልገባችም ነበር። ሳሎን አስቀመጥኋት፤ ውኃ ሰጠኋት። በደህና እጇ ተቀበለችኝ።

«ጋሼ፣ አኳይ አንተ የሰማይ ሜዳሊያ ትሰበስባለህ ይላል።»

«አዎ፣ ትንሽ ትንሽ።»

«ከዶቃዬ አንድ ጠፍታለች። አኳይ ጠፋች ነው የሚለኝ፤ ሌላ አይነግረኝም። እነሱ ሸጧታል ይላሉ። የገዛት ሰው ካለ፣ እንዳንተ የሚሰበስብ ሰው ነው አይደል? አንተ ታውቃቸዋለህ። ጠይቅልኝ። እኔ አልጣላውም። ትመለስልኝ ብቻ።»

እሷ የጠየቀችኝን ትቼ ስለ ሴትዮዋ ማውራት ጀመርሁ፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ከምድር ላይ መጀመሪያ ወደ ጠፈር የወጣች ሴት ናት አልኋት።

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን። ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የተመለሰችው፤ ዓለምን አርባ ስምንት ጊዜ ዞራ።»

አሪየት አሰበችበት። ስፌቱ የተፈታው ቅንድቧ ላይ ጠባሳው ገና ቀይ ነው። «ማን ፈቀደላት?» አለችኝ።

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «ትጠይቅልኛለህ?» አለች። «እጠይቅልሻለሁ» አልሁ። በእነዚህ ቃላት። እግዚአብሔር ይይልኝ እንዳልል፣ አይቶኛል።

የካቲት 2

38.8። አልተኛሁም። ኤግዚቢሽኑ 15፣ ጉባኤው 16። ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን አይደረስም። በአውሮፕላንስ? ወረፋው። አንዱ በእጅ ቢልከው? ማን?

የካቲት 10፣ ሰኞ

አኳይን ለብቻው አገኘሁት፤ ከዝናብ መለኪያው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሲጋራ ያጨሳል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትናንት ሌባ ብሎ ስሙን በገበያ መሃል እንደጠራው ከሰው ሰምቻለሁ። ለምን አልተናገርህም፣ ለምን ስሜን አልሰጠሃቸውም አልሁት። እንደ ተቆጣ ሰው ነበር የጠየቅሁት፤ ምን እንደሚያስቆጣኝ እግዜር ይወቀው።

«አንተ ትናገራለህ ብዬ» አለ።

አምጣም አላለኝም። አንድ ጊዜ ጠይቆኛል፤ አኳይ ሁለት ጊዜ አይጠይቅም። እኔ ስድስት ዓመት የጠየቅሁት ሰው ነው።

የካቲት 12

ትኬት ቆርጫለሁ። ሳጥኑን በፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። አበዛሽ ሸሚዝ ተኩሳልኛለች። በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ፤ በሽማግሌ ቀን ማስለወጥ ይቻላል፤ ቀን ተለውጦ ያውቃል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

አልሄድሁም።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎኔ የተቀመጡት እናት፣ ከሐኪም የሚመለሱ የጎሬ ሰው፣ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አይተው «ምንድን ነው እንዲህ እንደ ሕፃን የታቀፍከው?» አሉኝ። ከፈትሁላቸው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! ውሻዋን አሳየኋቸው፤ ሰውዬውን፤ መኪናዋን። ሴትዮዋ ላይ ስደርስ «ይቺስ?» አሉ። «ይቺማ የአሪየት ናት» አለ አፌ።

«አሪየት ማን ናት?»

ኬላው ላይ ለፍተሻ ሲያስቆሙን ወረድሁ። ሸሚዜ የተቀመጠበት ሻንጣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ቀርቶ ሄደ። በባጃጅ ተመልሼ ለሰብሳቢዎቹ «አልመጣም» ብዬ ጻፍሁ። ለምን አሉኝ፤ ስልኩን ዘጋሁት። አኳይን ፈልጌ «እሑድ አብሬህ እሄዳለሁ፤ እኔው በእጄ እሰጣለሁ» አልሁት። ትከሻዬን ያዝ አደረገና ለቀቀኝ። ለአበዛሽ «ሐሳቤን ቀየርሁ» አልኋት። እሷም አኳይ የስፌቱን ነገር እንድትመሰክር ለምኗት ኖሮ እሑድ አቦቦ ትሄዳለች። የቀረውን ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ ሥራ ላይ ነበረች። ነገ።

የካቲት 15

አልነገርኋትም።

የካቲት 16፣ እሑድ

የምጽፈው ከጣቢያው ነው፤ ከጥበቃ ቤቱ አግዳሚ ላይ።

ጉባኤው ትልቅ ማንጎ ሥር ነው። አበዛሽ መጀመሪያ ተናገረች፤ ስለ ቅንድቡ፣ ስለ አንጓው፣ ቀን እየጠቀሰች፣ እንደ ባለሙያ። አኳይ እየተረጎመ። ባልዋ መሬት መሬት ያያል። ቀጥሎ እኔ ተነሣሁ። ሴትዮዋን ያለ ጓንት ነበር የያዝኋት። አክስትየዋ እጃቸውን ዘረጉ፤ አውራ ጣታቸው እንዳረፈባት ፊታቸው ፈታ አለ። ጉንጫቸው ላይ አስጠጓት። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ በራሱ አማርኛ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ከመቼ ጀምሮ አንተ ጋ ነው?»

«ከኅዳር አራት።»

አኳይ ተረጎመው። ማንም አልሰደበኝም። አዲሷ ወጥታ አሮጊቷ በቦታዋ ተሰካች፤ ክሩ ታሰረ፤ ዶቃው ለባልየው ወገኖች ተሰጠ። አለቀ። አሪየት ነጻ ናት። ሲነግሯት ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች።

በሚኒባስ አራታችንም አንድ ላይ ተመለስን። አበዛሽ ከጎኔ ነበረች፤ ግማሽ መንገድ እስክንሄድ መስኮቱን ታያለች።

«ታኅሣሥ ሃያ ቅንድቧን ሰፍቼ ስገባ፣ ሜዳሊያዋ እቤት ነበረች?»

«ነበረች።»

ተነሥታ ሄዳ ከአሪየት ጎን ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ አላየችኝም። ጋምቤላ ስንደርስ አሪየትን እጇን ይዛ ወደ ቤታችን ወሰደቻት። «እጇ እስኪድን እዚህ ናት፤ ወንድሟ የሚያድረው ጥበቃ ክፍል ነው። አንተ የምትተኛበትን ፈልግ» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ልክ ለበሽተኛ መድኃኒት ስትነግር እንደምታደርገው ነው።

ብርድ ልብስ ልወስድ ሳሎን ገባሁ። አሪየት ያን ቀን የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። «ጋሼ» አለችኝ። ልታመሰግነኝ መስሎኝ፣ ይህንንም ጻፍ፣ ልታመሰግነኝ መስሎኝ ቆምሁ።

«ያን ቀን ስለምንህ የት ነበረች?»

«ከኋላሽ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ።»

ዘወር ብላ አየችው። ከወንበሩ እስከ ቁም ሳጥኑ ሦስት እርምጃ ነው። እሷም የቆጠረችው መሰለኝ።